ጂቱ አልለብስም ያለችው ካባ

ሰው ማመስገን ቀላል ነገር ሆኗል። ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያ ይከራያል፣ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ጥቁር ካባ ይገዛል፣ አለቀ። በሮቤ የሰፈራችን ስፖርት ክለብም ለበጎ ፈቃደኞቹ ይህንኑ አሰናዳ። ካባው ምን አደረገኝ? ጠዋት ሥራዋን የነጠቋትን ሴት ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ፊት ሊያለብሷት መነሣታቸው ነው ያናደደኝ፤ ዛሬም አልበረደልኝም።

ሴትዮዋ ጂቱ ትባላለች። ሮቤ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ዋጋ የሚከራከራትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ዝም የምትል ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ሴናን ብቻዋን አሳደገች። ሴና ኳስ ትወድ ነበር። ሴት ልጅ ሜዳ ወርዳ ኳስ መምታቷ ያኔ በሰፈራችን እንደ ጉድ ይወራ ስለነበር ጂቱ ልጇን ብቻዋን መልቀቅ ፈራች። ልታስቀራት ሞከረች፤ ልጅቱ አልበላም አለች። በመጨረሻ ዘንቢሏን ይዛ አብራት ወረደችና ሜዳው ዳር ተቀምጣ ሽንኩርቷን እየለቀመች ትጠብቃት ጀመር።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ማንም አልሾማትም። ግን አንዲት ጎረቤት «ጂቱ ካለች የእኔም ትሂድ» አለች። ሌላዋም ተከተለች። አባቶች ሲያመነቱ ጂቱ ራሷ ቤታቸው ሄደች። የምትናገረው አጭር ነበር፦ «ከትምህርት መልስ እኔ እወስዳታለሁ፤ ሳይጨልም በርህ ላይ አደርሳታለሁ። አንድ ነገር ብትሆን ከእኔ ጠይቅ።» ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቹን ሰብስባ በየሰፈሩ እየዞረች፣ በየበሩ እያንኳኳች አንድ በአንድ ታስረክባለች። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ ራሷን እያመማትም ቢሆን። ልጆቹ «አዮ» ይሏታል፤ በአገሩ ኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ሴና አግብታ ደሎ መና ከወረደች ቆይታለች። ጂቱ ግን አልተወችውም። እንዴት ትተወዋለች? በስንቱ በር ላይ ቆማ ቃሏን ሰጥታለች።

አሠልጣኝ አይደለችም። የኳስ ሕግ እስከ ዛሬ በቅጡ አይገባትም፤ ከጨዋታ ውጭ የሚባለው ነገር ዳኛው የፈጠረው ተንኮል ይመስላታል። ነገር ግን እሷ ባትኖር የሴቶቹ ቡድን አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር። ይህንን ክለቡ ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው ካባ የገዛላት።

በምስጋናው ዕለት ጠዋት የክለቡ ሊቀመንበር ደጀኔ ገበያ መጣ። ደጀኔ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ክፉ የሚባል ሰው አይደለም። ሁሉን ነገር ማንም ሳይከፋበት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ከክፉ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለውን ነው የምፈራው።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ ጂቱ!» አላት፤ እንዴት አደርሽ፣ ወይዘሮ ጂቱ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ደጀኔ። ሰላም ነው።»

«ዛሬ አምረሽ ነይ። ዋናዋ ተሸላሚ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ደሞ ምን አደረግኩና?»

ደጀኔ ሊሄድ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ዞረ፤ ረስቶት የነበረ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው። «እ… አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ሜዳውን ከሰዓት በኋላ ለአንድ የወጣቶች አካዳሚ ሰጥተነዋል። አጥርና መቀመጫ ሊሠሩልን ነው፤ እድሜ ልካችንን ስንለምን የኖርነው። ሴቶቹ እንግዲህ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ንጋት ላይ ይሠራሉ። ሰዓቱ ነው እንጂ ሌላ የተነካ ነገር የለም።»

ጎኗ ጎመን የምትሸጠው ኦብሴ ቀና አለች። «ንጋት ላይ? ግጥሚያው ከጅብ ጋር ነው?»

ደጀኔ ሳቀ። ጂቱ አልሳቀችም። «ማንን ጠየቃችሁ?» አለችው።

«ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ።»

«እኔን ማለቴ ነው።»

«አንቺማ በጎ ፈቃደኛ ነሽ፣ አዴ። አንቺን በስብሰባ ለምን እናድክምሽ?» ብሎ ሄደ።

የሮቤን ንጋት ለማያውቅ ልንገረው። ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፤ መንገዱ ላይ ከውሻና ከጅብ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ልጃገረድ በዚያ ሰዓት ውኃ ትቀዳለች፣ ላም ታልባለች፣ ታናናሾቿን ታለብሳለች። ከዚህ ሁሉ ብትተርፍ እንኳ በጨለማ የሚለቃት አባት ከየት ይመጣል? ጂቱም «በጨለማ አወጣታለሁ» ብላ ለማንም ቃል አልሰጠችም። እንግዲህ ሰዓቱን ቀየሩት ማለት ቡድኑን አፈረሱት ማለት ነው፤ ማፍረስ የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ሳያወጡ።

«አትሂጂባቸው!» አለች ኦብሴ። «ካባቸውን ራሳቸው ይልበሱት።»

«ብቀር አመማት ብለው በሌለሁበት ይሸልሙኛል።»

«ሂጂና ልበሺ፤ ነገ ትጣያቸዋለሽ።»

«ለብሼ?» አለች ጂቱ።

ለብሶ መጣላት አይቻልም። በእኛ ዘንድ በሰው ፊት ካባ ለብሶ፣ ሽማግሌ መርቆት «አሚን» ያለ ሰው በማግስቱ ተበደልኩ ብሎ ቢነሣ ጆሮ የሚሰጠው አያገኝም። «ትናንት ስትለብስ ምላስህን ማን ይዞህ ነበር?» ይባላል። ደጀኔ ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ያ ካባ ለጂቱ ልብስ አልነበረም። ለበሰችው ማለት ሰዓቱን ተቀበለች ማለት ነው፤ ተቀበለች ማለት ደግሞ በየበሩ የሰጠችው ቃል ፈረሰ ማለት ነው። አልለብስም ብትል እንግዳ ያዋረደች ባለጌ ልትባል ነው። ጂቱ ሚዛኗን በማዳበሪያ ሸፈነችና ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ወደ ሜዳው ሄደች።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ከምስጋናው በኋላ የእኛ ሴቶች ከጎባ ሴቶች ጋር ሊጋጠሙ ስለሆነ የጎባዎቹ በሚኒባስ መጥተው ዳር ላይ ያሟሙቃሉ። ከሳነቴ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና እየወረደ ነው። ድንኳኑ ውስጥ እንግዶቹ በወንበር ተቀምጠዋል፤ ምስጋናው የተዘጋጀላቸው በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ከድንኳኑ ውጭ፣ ንፋሱ ላይ ቆመዋል። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

ካባ መጀመሪያ የተደረበው ለአካዳሚው ባለቤት ነው። ገና አንድ ችካል ሳይተክል «ላደረጉልን» ተብሎ ተጨበጨበለት። ቀጥሎ ድንኳኑን ላዋሰው ሰው። ቀጥሎ ደግሞ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝ አንድ ወፍራም ሰውዬ ለበሰ፤ ራሱም የገባው አይመስልም፤ ዞር ዞር እያለ ነበር። ሕዝቡ መሰልቸት ሲጀምር ደጀኔ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ጠዋት ገበያ ላይ አንቺ ያላትን ሴት አሁን አንቱ አላት።

«የእህቶቻችን እናት፣ የክለባችን ምሰሶ፣ ክብርት ወይዘሮ ጂቱ! እባክዎ ወደ መድረክ!»

ጭብጨባው ከልብ ነበር። ልጆቹ ማሊያቸውን ለብሰው «አዮ! አዮ!» እያሉ ዘለሉ። እነሱ ስለ ሰዓቱ ምንም አልሰሙም። ጂቱ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ደጀኔ ደግሞ ጠራት። ሰዉ መንገድ ከፈተላት፤ በተከፈተው መንገድ ቀስ ብላ መጣችና ድንኳኑ ፊት ቆመች። ደጀኔ ካባውን ዘርግቶ ከኋላዋ ሲዞር እሷም አብራው ዞረች። ፊት ለፊት ተያዩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከረ፤ ደግማ ዞረች። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ጭፈራ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸና ሳቅ ሆነ።

«መጀመሪያ ሰዓቱን ንገራቸው» አለች ጂቱ።

ደጀኔ ድምፅ ማጉያውን በእጁ ሸፈነ። «አዴ፣ ተይ። ዛሬ የደስታ ቀን ነው።»

«ንገራቸው። ልጆቹም ይስሙ፣ አባቶቻቸውም ይስሙ። ከዚያ አልብሰኝ።»

«የቢሮ ጉዳይ በሜዳ አይወራም!»

«የሜዳ ጉዳይ ነው እኮ፣ ደጀኔ!»

ከኋላ ያለነው አልሰማንም። «ምን አለች?» «ምን አደረጓት?» እያለ ሰው ወደ ፊት ይገፋፋ ጀመር። እንግዶቹ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ሰማዩ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ደጀኔ ጭንቅላቱ የሠራለት መሰለው። ድንኳኑ ውስጥ ሀጂ አብዶ ተቀምጠው ነበር። ገበያ ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ የሳቸውን ልመና ገፍቶ ከተማው ውስጥ ቀና ብሎ የሄደ ሰው አላውቅም። ደጀኔ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንሾካሾከ። ሀጂ በምርኩዛቸው ተነሡ፣ ከድንኳኑ ወጡ፣ አጎንብሰው ከሜዳው እርጥብ ሣር ነጩ፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጂቱ ፊት ቆሙ።

በአገራችን ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን እንቢ አይባልም። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ አበቃላት አልኩ። እኔ ብሆን ትከሻዬን እሰጥ ነበር፤ አብዛኛው ሰውም ይሰጥ ነበር።

«ልጄ፣» አሉ ሀጂ፣ «ስለ አላህ ብለሽ፣ ስለዚህ ሣር ብለሽ፣ ተይላቸው። እንግዳ ፊት ነው።»

ጂቱ አንገቷን ደፋች። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ልመና ነው የወጣው። «ሀጂ፣ ሣርዎን አከብራለሁ። እንዴት አላከብርም? ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይህንን ሣር የያዙት ለማን ነው? ሣር የሚያዘው ለበዳይ ምሕረት ለመለመን ነው። እኔን ማነው የበደለኝ?»

ሀጂ አብዶ ዞረው ደጀኔን አዩት። ደጀኔ ምን እንዳደረገ የገባው አሁን ነው። ምንም ነገር የለም፣ ሰዓት ነው የተቀየረው ሲል የዋለ ሰው በገዛ እጁ ሽማግሌ አስነሥቶ፣ ሣር አስይዞ፣ በደል መኖሩን በሺህ ሰው ፊት አመነ። ሣር የያዘ ሽማግሌ ደግሞ በደሉን ሳይሰማ አይቀመጥም።

«አንተ፣» አሉት፣ «ወንበር ስላልተሰጣት አኩርፋ ነው አልከኝ። ምንድነው ነገሩ?»

«ሀጂ፣ ግድ የለም፣ በኋላ ቢሮ…»

«ሣሩ አሁን ነው በእጄ ያለው!»

ከዚያማ የምስጋናው ፕሮግራም ቀረና ሽምግልና ሆነ። ጂቱ ተናገረች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ የከሰዓት በኋላው ሜዳ ተወሰደ፣ ልጆቹ ንጋት ላይ ተባሉ፣ እኔ በጨለማ ለማንም ቃል አልገባሁም አለች። ደጀኔም ተናገረ። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ሜዳው አጥር የለውም፤ ከብት ይገባበታል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፤ መንግሥትም ነጋዴም ለዓመታት ፊት ነስተውናል። «አንድ ሰው ሲገኝ እሺ አልኩ» አለ። «ለማን ብዬ? ለክለቡ አይደለም?»

ሀጂ አብዶ ወዲያና ወዲህ አዩ። ደከሙ። «እንግዲህ ልጄ፣» አሏት፣ «ዛሬ ልበሺ፤ ሰዓቱን በሚመጣው ሳምንት ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

ዕርቅ ነው ብለው ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ። ጂቱ አላጨበጨበችም፣ አልዞረችምም። «ሀጂ፣ ከለበስኩ በሚመጣው ሳምንት ማን ይሰማኛል?» አለች።

ደጀኔ ላቡን ጠረገ። ዝናቡ በትልልቁ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ዳኛው ሰዓቱን አየ፤ የጎባ አሠልጣኝ «እንጫወታለን ወይስ እንሂድ?» ብላ ጮኸች። ሁሉም ጂቱን ነው የሚያየው። ከሕዝቡም «አሁንስ አበዛችው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው እንዲህ ነን፤ በደሉን ያደረሰው ሰውዬ ሲያስጠብቀን አይታክተንም፣ የተበደለችዋ ስታስጠብቀን ነው የሚታክተን።

ያን ጊዜ አብዱልመሊክ ሕዝቡን እየገፋ ወጣ። አብዱልመሊክ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ቁጡ፣ የግብ ጠባቂያችን የዙሀይራ አባት ነው። ኳሱን አንድ ቀን ወዶት አያውቅም፤ ጂቱ ስንት ጊዜ በሩ ላይ ተመላልሳ ነው የፈቀደው። ጂቱን ሊሳደብ መሰለኝ። እሷንም ሀጂንም አልፎ ልጆቹ ወደቆሙበት ሄደና የዙሀይራን ክንድ ያዘ።

«ነይ፣ ወደ ቤት!»

«አባ! ጨዋታው…»

«ዝም!» ወደ ደጀኔ ዞረ። ዱቄት የነካው ጣቱን ቀሰረበት። «ስማ! እኔ ልጄን ለክለብ ሰጥቼ አላውቅም። ክለብህን አላውቀውም። የሰጠሁት ለእሷ ነው» ብሎ ጂቱን አሳየ። «እሷ በቀን እወስዳለሁ አለች፤ እሺ አልኩ። ንጋት ላይ በጨለማ የምሰጥህ ልጅ የለኝም። ካባህንም ለሚበርደው አልብስ!»

«ዱጋ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ እውነቱን ነው ማለቱ ነው። ሌላ አባት ልጁን በስሟ ጠራ። ሌላዋ እናትም። ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ከመስመራቸው ወጡ፤ ሁለቱ እያለቀሱ ነበር። ጂቱ ይህንን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ካባውን እንቢ ያለችው ቡድኑ እንዳይፈርስ ነበር፤ ቡድኑ ግን እዚያው ዓይኗ ሥር እየፈረሰ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ደጀኔ ስትራመድ አየኋት። ልትለብስ ነው አልኩ። እሷም ያን ጊዜ ልትለብስ እንደነበር በኋላ ለኦብሴ ነግራታለች።

የቀደሟት ሀጂ አብዶ ናቸው። ሣሩን ደጀኔ ደረት ላይ አስጠጉት። «ይህንን ያስያዝከኝ አንተ ነህ። እጄ ደከመ። ወይ መልስ ስጥ፣ ወይ ሣሩን ከእጄ ተቀበልና በአደባባይ ጣለው።»

ሣሩን ይጥላል? ማን ደፍሮ! ደጀኔ እንግዶቹን አየ፣ የአካዳሚውን ባለቤት አየ፤ ባለቤቱ ካባውን ደርቦ መሬት መሬቱን ያያል። የሚወጡትን ልጆች አየ።

«ሰኞና ሐሙስ» አለ በመጨረሻ። «ሰኞና ሐሙስ ከትምህርት መልስ ሜዳው የሴቶቹ ነው።»

«በማጉያው» አለች ጂቱ።

በማጉያው ተናገረ።

«በኦሮምኛም። እዚያ የቆሙት አባቶች ሁሉ ይስሙት።»

በኦሮምኛም ደገመው። አብዱልመሊክ የዙሀይራን ክንድ ለቀቀ፤ ልጅቱ ሳታመሰግነው ሮጣ ግቧ ውስጥ ገባች።

ሀጂ «እንግዲህ ታረቅሽ?» አሏት።

«ሰኞ ሲደርስ ይጠይቁኝ፣ ሀጂ።»

ደጀኔ ካባውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ወሸቀው። ዝናቡ ወረደ፤ ጨዋታውም በዝናብ ተጀመረ፤ ጎባዎች አሸነፉን። ከዚያ በኋላ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ጂቱ እንግዳ አዋረደች፣ አጥራችንን ልታሳጣን ነው» ይላል። እንዲህ የሚሉትን ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ እናንተ አመሰግናለሁ ብላችሁ የሰውን አፍ ለመዝጋት ስትነሡ ማን ማንን አዋረደ? በነጻ የሚሠራላችሁን ሰው እንደ ነጻ ዕቃ አትቁጠሩት። ስብሰባ ጥሩት፤ ጠይቁት። ካባው ይቆየው።

ሰኞ ደረሰ። ጂቱ ልጆቹን ይዛ ስትመጣ የአካዳሚው ልጆች አዲስ ቢጫ ማሊያ ለብሰው ሜዳውን ሞልተውታል። ወጣቱ አሠልጣኝ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ወደ እሷ መጣ።

«እናቴ፣ ሜዳው ተይዟል እኮ።»

«ዛሬ የእኛ ነው። ደጀኔን ጠይቀው።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጠራ፤ አልተነሣም። ደግሞ ደወለ። አልተነሣም። አሠልጣኙ ግራ ገብቶት ስልኩን እያየ ቆመ። ዳር ላይ የነበርነው ሰዎች እርስ በርስ ተያየን፤ ከእኛ አንድም ሰው አልተነቃነቀም።

«አዮ፣ ምን እናድርግ?» አለች ዙሀይራ።

ጂቱ ፀሐዩን ቀና ብላ አየች። ለመምሸት ብዙ ቀርቶታል።

«ጫማችሁን እሰሩ» አለች።

አሰሩ። ገቡ። ዙሀይራ ቀጥ ብላ ወደ ግቡ ሄዳ እዚያ የቆመውን ልጅ «ውጣ» አለችው። ልጁ ወደ አሠልጣኙ ተመለከተ። አሠልጣኙ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ነው። ልጁ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ጓንቱን እያወለቀ ወጣላት።